የሦስተኛው ቀን ሕመም

ቶንሲላቸው በቀዶ ሕክምና የወጣ ሕፃናትን ሕመም ስለ ማስታገሥ በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር




አባቶቻችን «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። አባባሉ ለአዋቂ ሰው የተነገረ ተግሣጽ ነው፤ አዋቂ ሰው ሕመሙን ቢሸሽግ ጥፋቱ የራሱ ነውና። የአራት ዓመት ሕፃን ግን ሕመሙን አይሸሽግም፤ የሚገልጽበት ቃል ያጥረዋል እንጂ። ጉሮሮው የቆሰለ ሕፃን ደግሞ ቃሉ ቢኖረው እንኳ መናገሩ ራሱ ሌላ ሕመም ስለሚሆንበት ዝም ማለትን ይመርጣል። እንግዲህ የሕፃኑ ሕመም ተሸሽጎ የሚቀረው በእርሱ ጥፋት ሳይሆን፣ መጠየቅና መመልከት በሚገባን በእኛ ቸልተኝነት ነው። ዛሬ እንድናገርበት የታዘዝኩት ርእስ፣ ይኸውም ቶንሲላቸው የወጣ ሕፃናትን ሕመም ስለ ማስታገሥ፣ ከዚሁ ነጥብ ይነሣል።

ርእሱ ከታላላቅ ወረርሽኞች ጋር ሲነጻጸር ትንሽ መስሎ ሊታይ እንደሚችል አላጣሁትም። ይሁን እንጂ ትልቁን ነገር የምናጣው ብዙውን ጊዜ በትንሹ በኩል ነው። ይህንንም ከሌላ ሰው ስሕተት ሳይሆን ከራሴ ስሕተት ስለ ተማርኩት፣ ንግግሬን በእርሱ እንድጀምር ይፈቀድልኝ።

ከብዙ ዓመታት በፊት፣ ስሙን ማንሣት በማያስፈልገኝ አንድ ሆስፒታል ውስጥ በነርስነት ሳገለግል፣ ከወልቂጤ ወዲያ ካለ ገጠር የመጣ የአምስት ዓመት ወንድ ልጅ ቶንሲሉ ወጣለት። ቀዶ ሕክምናው ያለ አንዳች ችግር ተፈጸመ። በማግስቱም ልጁ ውኃ ጠጣ፤ ፈገግ አለ፤ ወደ ቤቱም ተሰናበተ። የመሰናበቻውን ወረቀት የጻፍኩት እኔ ነበርኩ። ከፓራሲታሞል ሽሮፑ ትይዩ «ሕመም ሲሰማው ይሰጠው» ብዬ ጻፍኩ፤ ለእናቱም ይህንኑ በቃል ነገርኳት። ሥራዬን በሚገባ የፈጸምኩ መስሎኝ ነበር።

በስድስተኛው ቀን አባትየው ልጁን ታቅፎ ተመለሰ። የልጁ ከንፈር ተሰነጣጥቋል፤ ዓይኑ ጎድጉዷል፤ ከሁለት ቀን ወዲህ ውኃ አልጠጣም። ሽሮፑን ትሰጠው እንደ ሆነ እናቱን ብጠይቃት ጠርሙሱን ከመቀነቷ አውጥታ አሳየችኝ፤ አልጎደለም ማለት ይቻላል። «ሕመም ሲሰማው ስጪው አላችሁኝ፤ እርሱ ግን አንድም ቀን አላለቀሰም። ዝም ብሎ ነው የተቀመጠ» አለችኝ። ነገሩ በዚህ አላበቃም። በአራተኛው ሌሊት አንድ ጎረቤት ለራሱ ስብራት ከታዘዘለት ትራማዶል የተረፈ እንክብል አምጥቶ፣ ግማሹን በውኃ በጥብጠው ለልጁ ሰጥተውታል። ልጁም እስከ ማግሥቱ እኩለ ቀን ድረስ እያንኮራፋ ተኛ፤ ቢቀሰቅሱትም በግድ ነበር የሚነቃው። የቤቱ ሰዎች «ተመስገን፣ አረፈልን» ብለው ደስ አላቸው። ያ እንቅልፍ ምን ያህል ለሞት የቀረበ እንደ ነበር በዚያን ጊዜ እነርሱ አላወቁም፤ እውነቱን ለመናገር እኔም በሚገባ አላውቅም ነበር።

ልጁ ፈሳሽ በደም ሥሩ ተሰጥቶት፣ ማስታገሻውንም በሰዓቱ እየወሰደ በሁለት ቀን ውስጥ አገገመ። እኔ ግን «ሕመም ሲሰማው» የሚለውን ያን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ለእናቲቱ የሰጠኋት መድኃኒቱን እንጂ ትእዛዙን አልነበረም። ዝምታ የጤና ምልክት አለመሆኑን አልነገርኳትም፤ ሕመሙ እየባሰ እንደሚሄድም አላስታወቅኋት።

አሁን የዚህን ሕመም ጠባይ በአጭሩ እንመልከት። ቶንሲል ሲወጣ በጉሮሮ ግራና ቀኝ ያልተሰፋ፣ ጡንቻው የተገለጠ ቁስል ይቀራል። ቁስሉ በእያንዳንዱ መዋጥ ይነካል፤ ምራቅ ደግሞ በእንቅልፍ ልብ እንኳ ሳይቀር ይዋጣል። በመጀመሪያው ቀን የማደንዘዣውና በቀዶ ሕክምናው ጊዜ የተሰጡት መድኃኒቶች ኃይል ገና ስላልለቀቀ ልጁ የዳነ ይመስላል። ከዚያ በኋላ በቁስሉ ዙሪያ ያለው ሥጋ ያብጣል፤ ጡንቻውም ይኮማተራል። ከዚህ የተነሣ ሕመሙ በብዙ ሕፃናት ላይ ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ቀን ድረስ ይበረታል፤ ፈጽሞ እስኪተው ድረስም ከ7 እስከ 10፣ አንዳንድ ጊዜም እስከ 14 ቀን ይቆያል። የጉሮሮና የጆሮ ስሜት በአንድ ነርቭ በኩል ስለሚተላለፍ ልጁ «ጆሮዬን አመመኝ» ሊል ይችላል። ይህን የማያውቅ ወላጅ ጆሮ ውስጥ የሚጨምረውን ነገር ይፈልጋል። በቁስሉ ላይ የሚታየውን ነጭ ሽፋንም መግል መስሎት ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ይገዛል። ሽፋኑ ግን ቁስሉ የሚድንበት መንገድ ነው። ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒትም የዚህን ቁስል ሕመም አያስታግሥም።

እንግዲህ ይህን የቀን አቆጣጠር ከአገራችን የመንገድ አቆጣጠር ጋር እናገናኘው። የአንገት በላይ ሐኪሞች በአብዛኛው በአዲስ አበባና በጥቂት ታላላቅ ከተሞች ስለሚገኙ፣ ከጉራጌ አገር የሚመጡ ብዙ ሕፃናት ለዚህ ሕክምና ረጅም መንገድ መጓዝ ግድ ይሆንባቸዋል። ወልቂጤ በጅማ መንገድ ከአዲስ አበባ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ቡታጅራ ደግሞ በስተደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከአውቶቡስ መናኸሪያው እስከ ቤቱ ያለው የእግር መንገድ ከዚህ በላይ ነው። ሕፃኑ በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ቀን ይሰናበታል፤ ሕመሙ የሚበረታው በሦስተኛው ቀን ነው። ሐኪሙ ልጁን ባየበት ሰዓት ሕመሙ ገና አልመጣም፤ ሕመሙ በመጣበት ሰዓት ደግሞ ሐኪሙ የለም። በዚያ ሌሊት ሐኪሟ እናቱ ናት፤ የሕክምና መጽሐፏም እኛ የጻፍንላት አንድ ቁራጭ ወረቀት ነው። በወልቂጤና በቡታጅራ ያላችሁ ነርሶች፣ የጤና መኮንኖች፣ ፋርማሲስቶችና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቀዶ ሕክምናውን እናንተ ባትሠሩትም ሕመሙ የሚመጣው ወደ እናንተ ነው የምለው ስለዚህ ነው።

ሌላም ከባድ ምክንያት አለ። በአገራችን በብዙ ስፍራ እንጥል ማስቆረጥና ቶንሲል ማስቧጠጥ ዛሬም አልቀረም። ሕፃኑ ያለ ማደንዘዣ በጭን መካከል ተይዞ፣ ባልጸዳ ስለት ወይም በጣት ጥፍር ጉሮሮው ይፋቃል። የደም መፍሰስ፣ የቁስል መመረዝና በደም የሚተላለፉ በሽታዎች ከዚህ እንደሚከተሉ ሁላችንም እናስተምራለን፤ ማስተማራችንም ትክክል ነው። ነገር ግን ገበሬው የሚመዝነን በንግግራችን ሳይሆን በልጁ ሁኔታ ነው። ከሆስፒታል የተመለሰው ልጅ ሳምንት ሙሉ ሳይበላና ሳይጠጣ ሲሠቃይ ያየች ጎረቤት «ያውና፣ ሐኪም ቤትም ያው ነው» ብትል ምን እንመልስላታለን? የአንዱን ልጅ ሕመም በሚገባ ማስታገሥ ለቀጣዩ ልጅ ከስለት መዳኛ ነው።

በሌላው ዓለምም ቢሆን የሕፃናት ሕመም ዋጋ የተሰጠው ከሩቅ ዘመን ጀምሮ አይደለም። ጨቅላ ሕፃናት ሕመም አይሰማቸውም በሚል እምነት በቂ ማስታገሻ ሳይሰጣቸው ቀዶ ሕክምና የሚደረግበት ጊዜ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1987 ካንዋልጂት አናንድና ባልደረባው ሂኪ ጨቅላ ሕፃናት ሕመም እንደሚሰማቸውና ሰውነታቸውም በሕመሙ እንደሚናወጥ በማስረጃ ካቀረቡ በኋላ ነው ያ እምነት የተናጋው። እኛ ዛሬ በጨቅላ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አንናገርም፤ ነገር ግን «ልጅ ነው፣ ይረሳዋል» ስንል የዚያኑ አሳብ ጭራ ይዘን እንጎትታለን።

አሁን ወደ ሕክምናው ልመለስ። መልካሙ ዜና ዋነኞቹ መድኃኒቶች ርካሽና የታወቁ መሆናቸው ነው፤ እነርሱም ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን ናቸው። በቀዶ ሕክምናው ጊዜ አንድ ጊዜ የሚሰጥ ዴክሳሜታዞን ማስመለስንና ሕመምን እንደሚቀንስ የተረጋገጠ ስለ ሆነ፣ በቀዶ ሕክምና ክፍል የምትሠሩ ባልደረቦች ይህን እንዳትዘነጉ አደራ እላለሁ። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የሁለቱ ሽሮፖች ነው። ምሥጢሩም በሁለት ነገሮች ላይ ይቆማል፦ በሚዛንና በሰዓት።

ስለ ሚዛን በመጀመሪያ እንናገር። የሕፃን መድኃኒት በዕድሜ ግምት ሳይሆን በክብደት ይታዘዛል። ለፓራሲታሞል በአንድ ጊዜ ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም 15 ሚሊ ግራም፣ በየ6 ሰዓቱ፣ በቀን ከ4 ጊዜ ሳይበልጥ፤ ለአይቡፕሮፌን ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም 10 ሚሊ ግራም፣ በየ8 ሰዓቱ፣ በቀን 3 ጊዜ ነው። ለምሳሌ ያህል 16 ኪሎ የሚመዝን ልጅ እንውሰድ። የፓራሲታሞሉ መጠን 240 ሚሊ ግራም ይሆናል፤ በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊ ግራም ካለው ሽሮፕ 10 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። የአይቡፕሮፌኑ መጠን 160 ሚሊ ግራም ነው፤ በ5 ሚሊ ሊትር 100 ሚሊ ግራም ካለው ሽሮፕ 8 ሚሊ ሊትር ይሆናል። የሽሮፖች ብርታት ከጠርሙስ ጠርሙስ ስለሚለያይ ግን ጽሑፉን ሳያነቡ ሚሊ ሊትር መናገር አይገባም። የቤት ማንኪያም መለኪያ አይደለም፤ አንዱ ጎድጓዳ አንዱ ጠፍጣፋ ነውና። መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ለእናቲቱ ሰጥቶ፣ መጠኑ የሚደርስበትን መስመር በቀለም ምልክት አድርጎ ማሳየት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

ስለ ሰዓት ደግሞ የአገራችን የሰዓት አቆጣጠር ራሱ ይረዳናል። ፓራሲታሞሉን ጠዋት በ12 ሰዓት፣ ቀን በ6 ሰዓት፣ ማታ በ12 ሰዓትና ሌሊት በ6 ሰዓት እንዲሰጥ ብናዝ፣ ማንበብ የማትችል እናት እንኳ አትረሳውም፤ 12 እና 6፣ 12 እና 6 ነው። አይቡፕሮፌኑን ደግሞ ጠዋት በ2 ሰዓት፣ ቀን በ10 ሰዓትና ሌሊት በ6 ሰዓት፣ ከወተት ወይም ከአጥሚት ጋር ትሰጠዋለች። በዚህ ዓይነት እናት በሌሊት የምትነሣው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በዚያች አንድ ጊዜም ሁለቱን አብራ ትሰጣለች። ልጁ ተኝቶ ቢሆንስ? ይቀስቀስ። ሌሊቱን ሙሉ ያለ ማስታገሻና ያለ ውኃ ያደረ ጉሮሮ ጠዋት ደርቆ ስለሚነቃ፣ ያን ሕመም ወደ ኋላ መልሶ ለመያዝ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ሕመምን ከመምጣቱ በፊት መጠበቅ ከመጣ በኋላ ከማባረር ይቀላል። ይህ ሥርዓት ቢያንስ በመጀመሪያው ሳምንት ልጁ ቢያለቅስም ባያለቅስም ሳይቋረጥ መቀጠል አለበት።

ጥንቃቄዎቹም መዘንጋት የለባቸውም። ፓራሲታሞል ከመጠን ሲያልፍ ጉበትን ይጎዳል፤ በአንዳንድ የጉንፋን ሽሮፖች ውስጥም ስለሚገኝ ሁለቱን ደርቦ መስጠት አይገባም። አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ የአንድ ቤተሰብ መድኃኒቶች ስለ ሆኑ አብረው አይሰጡም። ደም የመርጋት ችግር ያለበት፣ እንዲህ ያለ መድኃኒት አስሙን የሚያስነሣበት፣ ወይም ፈጽሞ መጠጣት አቅቶት ሽንቱ የቀነሰ ልጅ አይቡፕሮፌን ከመውሰዱ በፊት በባለሙያ መታየት ይኖርበታል። አስፕሪን ለሕፃን ከቶ አይሰጥም። አይቡፕሮፌን ደም ያፈሳል የሚለውን ሥጋት አውቀዋለሁ፤ ጥያቄውም ብዙ የተመረመረና አሁንም የሚመረመር ነው። ይሁን እንጂ የአሜሪካ የአንገት በላይ ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣውና በ2019 ባሻሻለው መመሪያ ማስረጃዎቹን መርምሮ አይቡፕሮፌንን፣ ፓራሲታሞልን ወይም ሁለቱን በአንድነት ለዚህ ሕመም አጥብቆ ይመክራል።

አሁን ከሁሉ በላይ ልብ እንድትሉልኝ ወደምፈልገው ነጥብ ደርሻለሁ፤ ይኸውም ስለ ኮዴይንና ስለ ትራማዶል ነው።

ኮዴይን በራሱ ደካማ መድኃኒት ነው። ሕመም የሚያስታግሠው በጉበት ውስጥ ሲ.ዋይ.ፒ. ቱ.ዲ. ሲክስ በሚባል ኤንዛይም ወደ ሞርፊን ሲለወጥ ነው። ትራማዶልም በዚሁ ኤንዛይም ከራሱ ይልቅ እጅግ ወደበረታ ውሕድ ይለወጣል። ይህ ኤንዛይም ግን በሰው ሁሉ ላይ በእኩል አይሠራም። አንዳንድ ሰው ኤንዛይሙን የሚያስገኘውን ጂን በውርስ ሁለትና ከዚያ በላይ ተደራርቦ ይቀበላል። እንዲህ ያለ ሰው መድኃኒቱን በፍጥነትና በብዛት ስለሚለውጠው፣ የተለመደው መጠን ለእርሱ ከመጠን ያለፈ ይሆንበታል። ትንፋሹ ይዘገያል፤ እንቅልፉ ይከብዳል፤ ሕፃን ከሆነም ሳይነቃ ሊቀር ይችላል። ቶንሲላቸው ከወጣ ሕፃናት ብዙዎቹ ወደ ቀዶ ሕክምና የሚመጡት በእንቅልፍ ጊዜ ትንፋሻቸው እየተቋረጠ ስላስቸገራቸው መሆኑን ስናስታውስ አደጋው እጥፍ ድርብ ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ1996 ኢትዮጵያዊቷ ተመራማሪ ዕሌኒ አክሊሉ ከስዊድን ባልደረቦቿ ጋር ባሳተመችው ጥናት፣ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን መካከል በመቶ 29 የሚሆኑት ይህን የተደራረበ ጂን ይዘው ተገኙ። በሰሜን አውሮፓ ሕዝቦች ዘንድ ይህ ቁጥር በመቶ 1 ወይም 2 ያህል ብቻ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ሌላው ዓለም እንደ ብርቅ የሚቆጥረው አደጋ በእኛ አገር ከሦስት ወይም ከአራት ሰዎች በአንዱ ላይ ይገኛል ማለት ነው።

ብርቅ በተባለበት አገር እንኳ የደረሰውን እንስማ። እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመ ዘገባ በካናዳ የሁለት ዓመት ልጅ ቶንሲሉ ወጥቶለት ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ፣ በታዘዘለት ኮዴይን ምክንያት ሞተ፤ ሲመረመርም ጂኑ የተደራረበ ሆኖ ተገኘ። ሌሎችም ተመሳሳይ ሞቶች ተከተሉ። ከዚህም የተነሣ የዩናይትድ ስቴትስ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2013 ቶንሲላቸው ለወጣ ሕፃናት ኮዴይን እንዳይሰጥ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አወጣ። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ በፈረንሳይ አገር አንድ የአምስት ዓመት ልጅ ከቶንሲል ቀዶ ሕክምና በኋላ ትራማዶል ወስዶ ትንፋሹ ተዳክሞ፣ በሕክምና ርዳታ ለጥቂት ተረፈ፤ እርሱም ጂኑ የተደራረበ ነበር። ይኸው መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 ሁለቱም መድኃኒቶች ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች እንዳይሰጡ፣ ትራማዶልም ቶንሲል ለወጣላቸው እስከ 18 ዓመት ድረስ እንዳይታዘዝ ከለከለ። የዓለም የጤና ድርጅትም አስቀድሞ እ.ኤ.አ. በ2012 ስለ ሕፃናት ጽኑ ሕመም ባወጣው መመሪያ ኮዴይንን ከሕፃናት የሕመም ማስታገሻ ደረጃዎች አውጥቶታል።

ባልደረቦቼ፤ እነዚህ ክልከላዎች የወጡት አደጋው ከመቶ በጥቂቱ ላይ ብቻ በሚገኝባቸው አገሮች ነው። ለእኛ ልጆች ግን ነገሩ ይበልጥ የሚገባ ነበር። ያ ከወልቂጤ ወዲያ የመጣው ልጅ እስከ እኩለ ቀን እያንኮራፋ የተኛው ስለ ምን እንደ ሆነ እኔ የተረዳሁት ይህን ጥናት ካነበብኩ በኋላ ነው። በሁለቱ ሽሮፖች አልታገሥ ያለ ብርቱ ሕመም ቢያጋጥም መፍትሔው የጎረቤት እንክብል አይደለም፤ ልጁን ወደ ሆስፒታል መልሶ፣ ትንፋሹ እየተጠበቀ በክብደቱ የተለካ ሞርፊን በባለሙያ እጅ እንዲሰጠው ማድረግ ነው።

ከመድኃኒቱ ቀጥሎ ምግብና መጠጥ ይመጣል። ጉሮሮ ሥራ ሲፈታ ይደርቃል፤ ሲደርቅም ሕመሙ ይብሳል። ስለዚህ ልጁ ከነቃበት ሰዓት ጀምሮ በየጊዜው ጥቂት በጥቂት ይጠጣ። ማስታገሻው ከተሰጠ ግማሽ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት በኋላ ማብላት ይቀላል። በዚህ ረገድ የጉራጌ ጓዳ ባዶ አይደለም። ቀጭን የቡላ አጥሚት፣ ለስላሳ የቡላ ገንፎ፣ ጨው ያልበዛበት አይብ፣ እርጎ፣ የተልባ ውኃ፣ የአብሽ ውኃ በማር፣ ሁሉም ለቆሰለ ጉሮሮ የተመቹ ናቸው። ለታመመ ሰው ትኩስ ነገር መስጠት የቆየ ልማዳችን ቢሆንም፣ በእነዚህ ቀናት ግን ቀዝቃዛ ወይም ለብ ያለ ይሻላል። ሚጥሚጣ፣ በርበሬ፣ የሎሚ ጭማቂና ደረቅ ቆሎ እስከ ሁለት ሳምንት ይቆዩ። አያቶች ይህን ሲሰሙ የሚስማሙበት የራሳቸውን ምግብ ስለ ጠራንላቸው ነው፤ የማያውቁትን ምግብ ብናዝ ግን ወረቀቱ ከግድግዳ ላይ ይቀራል።

ሕመምን ስለ መለካትም አንድ ቃል ልናገር። ቡታጅራ በአገራችን የጤና ታሪክ የታወቀችው በመቁጠር ነው። በ1979 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ የኡሜዎ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በጀመረው የቡታጅራ የገጠር ጤና ፕሮግራም፣ በዘጠኝ የገበሬ ማኅበራትና በአንድ የከተማ ቀበሌ ቤት ለቤት እየተዞረ የሚወለደውና የሚሞተው ተመዘገበ። ከዚያ በፊት የእነዚያ መንደሮች ሕፃናት ሞት በየቤቱ ተለቅሶለት የሚቀር ነበር፤ ከተቆጠረ በኋላ ግን ምክንያቱ የሚጠየቅ ነገር ሆነ። የሕመምም ነገር እንዲሁ ነው፤ ያልተጻፈ ሕመም የሚጠይቅለት የለም። የጤና ሚኒስቴርም «ከሕመም ነጻ ሆስፒታል» በሚል በጀመረው ሥራ ሕመም ከሙቀት፣ ከትርታ፣ ከትንፋሽና ከደም ግፊት ቀጥሎ አምስተኛው ምልክት ሆኖ እንዲመዘገብ ያሳሰበው ለዚህ ነው።

መለኪያው ውድ መሣሪያ አይደለም። ከሦስት ዓመት በላይ ለሆነ ልጅ ከሳቂታ እስከ አልቃሻ የተሣሉ ስድስት ፊቶችን አሳይቶ «ጉሮሮህ የትኛውን ይመስላል?» ማለት ይበቃል። ለመናገር ላልደረሰው ወይም ለማይፈልገው ፊቱን፣ እግሩን፣ እንቅስቃሴውን፣ ልቅሶውንና ሲያባብሉት መጽናናቱን ተመልክቶ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 2 ነጥብ ሰጥቶ መደመር ነው፤ ድምሩ እስከ 10 ይደርሳል። 4 እና ከዚያ በላይ ከሆነ አንድ ነገር መደረግ አለበት። ለእናት ደግሞ ከዚህም ያጠረ መለኪያ አለ፦ ጠጥቷል ወይ? ተጫውቷል ወይ? ምራቁን ይውጣል ወይስ ያዝረበርባል? የማይጠጣ፣ የማይጫወትና የሚያዝረበርብ ልጅ ባያለቅስም ታሟል።

ወላጅ ሁሉ በቃል ሊያጠናቸው የሚገባ የአደጋ ምልክቶችም አሉ። ከአምስተኛው እስከ አሥረኛው ቀን ባለው ጊዜ በቁስሉ ላይ ያለው ሽፋን ሲለቅ ደም ሊፈስስ ይችላል። ከአፍ ቀይ ደም ቢታይ፣ ልጁ ደም ቢያስመልስ፣ ወይም ተኝቶ ሳለ ደጋግሞ የሚውጥ ቢሆን፣ ሳይነጋ ወደ ቅርቡ ሆስፒታል ይወሰድ። እንደዚሁም ግማሽ ቀን ያልሸና፣ ፈጽሞ መጠጣት ያቃተው፣ ትንፋሹ የከበደው ወይም ሲቀሰቅሱት በቀላሉ የማይነቃ ልጅ ቀጠሮ አይጠብቅም።

ንግግሬን ከመደምደሜ በፊት ለማኅበራችን አባላት ሦስት ነገሮችን በአደራ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ቶንሲሉ የወጣለት ሕፃን ሁሉ ሲሰናበት ክብደቱ፣ የሁለቱ ሽሮፖች መጠን በሚሊ ሊትርና የሚሰጥበት ሰዓት የተጻፈበት ወረቀት ይያዝ፤ እናቱም ሲሪንጁን በእኛ ፊት ሞልታ ታሳየን። «ሕመም ሲሰማው» የሚለው ቃል ከወረቀታችን ይሠረዝ። ሁለተኛ፣ በየመድኃኒት ቤቱ ያላችሁ ባልደረቦች ለሕፃን ተብሎ ትራማዶል ወይም ኮዴይን ሲጠየቅ አትስጡ፤ ምክንያቱን ንገሩ፤ በምትኩም ሁለቱን ሽሮፖች በክብደት ለክታችሁ ስጡ። ለአዋቂ ትራማዶል ስትሰጡም «ከቤትህ ላለ ልጅ አይሰጥም» የምትለዋን አንዲት ቃል ጨምሩ። ሦስተኛ፣ በሦስተኛው ቀን አንድ ሰው ይጠይቀው። ከሆስፒታሉ ስልክ ሊሆን ይችላል፤ በአቅራቢያው ያለች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም ልትሆን ትችላለች። ጠጥቷል ወይ? መድኃኒቱን በሰዓቱ ወስዷል ወይ? ሕመሙ ከ10 ስንት ነው? መልሱም ይጻፍ። በሚቀጥለው ዓመት እንደዚህ ስንሰበሰብ ከወልቂጤና ከቡታጅራ እነዚህ ቁጥሮች ቢመጡልን፣ የዛሬው ንግግሬ ፍሬ አፈራ እላለሁ።

ክቡራትና ክቡራን፤ ከሦስቱ አንዱም አዲስ ሕንፃ፣ አዲስ መሣሪያ ወይም ከውጭ የሚመጣ ገንዘብ አይጠይቅም። ሚዛኑ አለ፤ ሽሮፑ አለ፤ ሰዓቱም 12 እና 6 ነው። ጎድሎ የነበረው እኛ ለእናቲቱ የምንሰጣት ቃል ነበር። ያች እናት ከመቀነቷ ያወጣችው ሙሉ ጠርሙስ በእኔ እንጂ በእርሷ ጥፋት ሙሉ አልሆነም። ሌላ እናት እንደ እርሷ ሙሉ ጠርሙስ ይዛ እንዳትመለስብን እንትጋ።